ዳለቻና ከደብር የመጣችው እንግዳ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

«ዛሬስ የላም በረት አይደለም፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ‹የእህል ቤት› በሉኝ። ተረት ተረት!»

«የእህል ቤት!»

እንዲያ ነው። ቅረቡ። አንተ ከበሩ ፈቀቅ በል፤ ብርዱን አስገባህብን።

በድሮ ዘመን ግራር አምባ በምትባል የደጋ መንደር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጆቿ ወንዝ ተሻግረው አግብተዋል። ቤቷ ሳር ቤት ነበር። በቤቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ጎታ ነበር፤ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ እህል የሚቀመጥበት። ከምሰሶው ጋር የታሰረ የእንጨት ቆጥም ነበር። ከዚያም አንዲት ድመት ነበረች። መልኳ አመድማ ስለሆነ ዳለቻ ትባል ነበር።

አንድ ዓመት፣ መስከረም ሲጠባ፣ በረዶ ወረደ። ገብሱ ዘለላ አውጥቶ ነበር። በረዶው ጥቂት ወርዶ ቆመ። በማግስቱ ሰዉ እርሻውን ሊያይ ወጣ፤ የሚታይ ነገር አልነበረም። ያን ዓመት የግራር አምባ ሰው ከቆላ ገበያ በመጣ ማሽላ ኖረ። ማሽላ ይበላል። ደጋ ላይ ግን አይበቅልም። ለሚመጣው ክረምት የገብስ ዘር ያስፈልግ ነበርና ሽማግሌዎቹ ቤት ለቤት ዞሩ። ዘር የተገኘው በአንድ ቤት ብቻ ነው፤ በደብሪቱ ጎታ። የካቻምናውን ጥቁር ገብስ አልጨረሰችውም ነበር።

ደብሪቱም ሽማግሌዎቹን እንዲህ አለቻቸው፦

«ይሄን እህል አልበላውም። ሰኔ ሲመጣ ለሁላችንም ዘር ይሆናል። እስከዚያ ጠባቂው እኔ ነኝ።»

እነሱም መረቋትና ሄዱ።

ቃል መስጠት አንድ ነገር ነው። አይጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ጥር ላይ ደብሪቱ ጠዋት ስትነሳ ከጎታው ሥር የገብስ ገለባ አገኘች። በማግስቱም አገኘች። በግድግዳው ሥር የቆየ የአይጥ ጉድጓድ ነበርና በእሾህና በጭቃ ደፈነችው። ገለባው ግን አልቀረም። ዳለቻ ከዚያ ጉድጓድ ፊት ተቀምጣ ትውላለች። ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላም እዚያው ተቀምጣ የተደፈነውን ጭቃ ታያለች። የሚወጣ አይጥ የለም፤ እሷም አትነሳም።

የደብሪቱን እርሻ በእኩል የሚያርስላት ጎረቤት ነበረ፤ አያ ቢተው ይባላል። አፉ የማያርፍ ሰው ነው። አንድ ቀን ገብቶ ዳለቻን አያትና እንዲህ አለ፦

«ደብሪቱ፣ ይቺ ድመትሽ ግድግዳውን ልትገዛው ነው እንዴ? እንዲህ ፈዛ የምታየው?»

ደብሪቱም፦ «አርጅታ ነው፣ አያ ቢተው።»

«እሱማ እኔም አርጅቻለሁ። ግን እስካሁን የተደፈነ ጉድጓድ ጠብቄ አላውቅም።»

ደብሪቱ አልሳቀችም። ያን ቀን ጠዋት ያገኘችው ገለባ ከቀድሞው ይበልጥ ነበር።

ከመንደሩ በላይ፣ ከኮረብታው ራስ፣ አንድ ደብር ነበር። ከደብሩ ቅጥር ጥግ ባለች አሮጌ ጎጆ እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ መነኩሲት ይኖሩ ነበር። ሰው ድመቱ ስትወልድበት ግልገሎቹን አምጥቶ ከቅጥሩ በር ጥሎ ይሄዳል። እሳቸውም ያነሷቸውና ያሳድጓቸዋል። በጾም ወተት የተረፈው ሰው ጥቂት ያመጣላቸዋል። ሰዉም ያቺን ጎጆ «የድመት መጠለያ» ይላት ነበር።

ደብሪቱ ወደዚያ ወጣች። እጅ ነሳችና እንዲህ አለች፦

«እንደምን ዋሉ፣ እማሆይ? ድመት ፈልጌ ነው።»

እማሆይም፦ «እግዚአብሔር ይመስገን። ድመት የለሽም እንዴ ልጄ? ቀሚስሽ ላይ የድመት ፀጉር አያለሁ።»

«አለችኝ። ግን አርጅታለች።»

«ያረጀችዋን ታዲያ ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ምን አደርጋታለሁ? ቤቷ ነው፤ ትኖራለች።»

እማሆይ ፊቷን አዩና መንገዱን ለቀቁላት።

«ግቢ። ‹አሮጊቷን ልጥላት ነው› ያለኝ ሁሉ ባዶ እጁን ነው የወረደው።»

በጎጆዋ ውስጥ ብዙ ግልገሎች ነበሩ። እማሆይ ወተት በሸክላ ሳህን አስቀመጡ፤ ግልገሎቹም ተንጋግተው ሮጡ። አንዷ ግን አልሮጠችም። ጥቁር ናት፤ እግሮቿ ነጫጭ ናቸው። ቆመችና ጆሮዎቿን ወደ ጣሪያው አዞረች። ጥቂት አዳመጠች። ከዚያም ወደ ወተቱ ሄደች። ወተቱ አልቆ ነበር።

ደብሪቱም፦ «ይቺ ሞኝ ናት ወይስ ብልህ?»

እማሆይም፦ «እሱን እኔ አላውቅም። የማውቀው ሁልጊዜ ከሁሉም በኋላ እንደምትበላ ነው።»

ደብሪቱ እሷኑ አነሳቻት። ለምን እንደመረጠቻት ቢጠይቋት «አሳዘነችኝ» አላለችም። «ስታዳምጥ አየኋት» ነው ያለችው።

እማሆይም እስከ ቅጥሩ በር ሸኟትና መከሯት፦

«ዛሬውኑ እንዳታገናኛቸው። አራስ ቤት እንዳለች ሴት አድርጊያት። መጋረጃ ጋርጂላት። መጀመሪያ ይሸታተቱ፤ ያንዷን መኝታ ጨርቅ ለሌላዋ አንጥፊላት። ከዚያም አንዷ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሌላዋ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ይብሉ። ዓይን ለዓይን የሚተያዩት በመጨረሻ ነው። አንቺ አማት አልነበረሽም? በመጀመሪያው ቀን ወደድሻት?»

«እማሆይ፣ እኔስ በመጨረሻውም ቀን አልወደድኳትም።»

እማሆይ ሳቁ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«መንገደኛው ሁሉ ሲያየኝ ‹ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ› እያለ ያልፋል። የመነኮስኩት እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም። አይጥ ይበላሉ፤ አትስጊ።»

ደብሪቱም ግልገሏን በነጠላዋ አቅፋ ወረደች። ስም ሳታወጣላት ሰዉ «እንግዳዋ» አላትና ስሟ እንግዳ ሆኖ ቀረ።

የተመከረችውን ሁሉ አደረገች። አሮጌ ጋቢ ጋረደች። እንግዳን ከጋቢው ጀርባ አስቀመጠቻት። ጨርቃቸውን ለዋወጠች። ዳለቻ የእንግዳን ጨርቅ አሸተተችው፤ ዞራ አሸተተችው፤ ከዚያም ተኛችበት። ከጋቢው ወዲህና ወዲያ ሆነውም በሉ። ማንም አልተቆጣም። ደብሪቱም ተመስገን አለችና ጋቢውን ገለጠችው።

ዳለቻ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ሰጥታ የተደፈነውን ጉድጓድ ታያለች። እንግዳም ጭራዋን አቁማ፣ ሚያው ሚያው እያለች፣ ከኋላዋ መጣችና ጭራዋን ነካቻት።

«ከዚያስ እምዬ? ዳለቻ ምን አለች?»

ድመት ምን ትላለች ልጄ? በሌላ ሰው ተረት ድመት ይናገራል፤ በእኔ ተረት ድመት አይናገርም። ያደረገችውን ግን እነግርሻለሁ። ዳለቻ እንደ እሳት ፍንጣሪ ተፈናጥራ ዘለለችና ዞራ የእንግዳን አፍንጫ በጥፍሯ ቧጠጠችው። ደም ወጣ። ከዚያም ቆጥ ላይ ወጣች። እንግዳም ከጎታው ኋላ ገባች።

ደብሪቱ እንደገና ጋረደች፤ እንደገና ገለጠች። ያው ሆነ። እንግዳ እየጮኸች ትመጣለች፤ ዳለቻ ደንግጣ ትዘላለች፤ ትቧጥጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ እንግዳ ፊት ለፊት መጣች። ዳለቻም አየቻትና ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አድርጋ ዝም አለች። ይህን ደብሪቱ አይታለች። ምን ማለት እንደሆነ ግን ያኔ አልገባትም።

በመጨረሻ ዳለቻ ከቆጥ አልወርድም አለች። እንግዳም ከጎታው ኋላ አልወጣም አለች። አይጥ የሚይዝ ጠፋ። ከጎታው ሥር ያለው ገለባም በእፍኝ የሚዛቅ ሆነ።

አያ ቢተው መጣና ቆጡን አይቶ ሳቀ።

«‹የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች› ሲባል ሰምቼ ነበር። አንቺ ግን የብብትሽን አመጣሽና ቆጥ ላይ ሰቀልሽ!»

ደብሪቱም፦ «ቀልዱን ተወውና መላ ካለህ ምከረኝ።»

«መላማ አለኝ። ላም የሌላዋን ጥጃ እንቢ ስትል ምን ይደረጋል? ጥጃው ላይ ጨው ይነሰነሳል። ላሟ ጨዉን ስትልስ ጥጃውን ትላመደዋለች። በቃ፣ እንግዳሽ ላይ ጨው ነስንሺባት።»

ከብት አርቢ ሰው ሁሉንም በከብት ነው የሚያየው። ደብሪቱም ከብት ያረባች ሴት ናት፤ ነገሩ እውነት መሰላት። ጨው ፈጭታ እንግዳ ጀርባ ላይ ነሰነሰችና ቆጥ ላይ፣ ከዳለቻ ፊት አስቀመጠቻት። ዳለቻ ጨዉን አሸተተች። አስነጠሳት። ከዚያም ከቆጡ ወደ ጎታው፣ ከጎታው ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ ደጅ ሄደች። እንግዳ ግን ዞራ ጨዉን ራሷ ላሰችው። የደብሪቱን እንሥራ ልትጨርስ እስኪመስል ድረስ ውኃ ስትጠጣ ዋለች፤ ከዚያም አስመለሳት።

አያ ቢተውም አገጩን እያሻሸ እንዲህ አለ፦

«ጥጃ ሆና ቢሆን ይሠራ ነበር።»

ቀልዱ እዚያ ላይ አለቀ። አያ ቢተው ጎታውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከላይ በኩል ድምፁ ባዶ ነበር። ፊቱም ተለወጠ።

«ደብሪቱ፣ ስሚኝ። አንዷ መሄድ አለባት። አሮጊቷ ከሄደች ትንሿ ትወጣና አይጧን ትይዛለች። በጆንያ አድርጌ ወንዝ ማዶ ልጣላት።»

«ያደገችበት ቤት ነው፣ አያ ቢተው።»

«እኛስ? ይሄ ያደግንበት ቀዬ አይደለም? ሰኔ ላይ ዘር ከሌለን አገር ለቀን ነው የምንሄደው። ድመት ነው የምትመርጪው ወይስ ሰው?»

ደብሪቱ ለእማሆይ ያለችውን አስታወሰች፤ ለሽማግሌዎቹ ያለችውንም አስታወሰች። ሁለቱንም ቃል የሰጠችው ራሷ ናት።

«ፋሲካ ይለፍ» አለች። «በዓሉ ካለፈ በኋላ ና።»

ፋሲካ አለፈ። አያ ቢተው በቃሉ ጆንያውን ይዞ መጣ። ግንባሩ ግን አብጦ እንቁላል አክሎ ነበር።

ደብሪቱም፦ «ምነው? ምን ሆንክ?»

«እናቴ ናት!»

«እናትህ? ምን አድርገሃት?»

«ምንም! ጆሮዋ እንቢ ካለ ወዲህ አልቻልኳትም። እንደ ወጉ ከደጅ ‹ቤቶች!› ብዬ ነው የገባሁት። መልስ የለም። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታጥፋለች። ጠጋ ብዬ ትከሻዋን ብነካት፣ ዘወር አለችና በከዘራዋ ግንባሬን! ‹ሌባ! ሌባ!› እያለች መንደሩን ጠራችብኝ። የወለደችኝ እናቴ!»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? ብናገርስ መች ትሰማኛለች!»

ደብሪቱ ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ። ቀና ብላ ቆጡን አየች። ዳለቻ ጀርባዋን ሰጥታ መዳፏን እየላሰች ነበር።

ደብሪቱ ተነሳች። ማጭዷን ከግድግዳው አወረደች። ማረሻ አነሳች። ከቆጡ በታች ቆመችና ማረሻውን በማጭዱ መታችው። ቤቱ ጮኸ። የጎረቤት ውሻ ከደጅ ቡፍ አለ። እንግዳ ከጎታው ኋላ ወጥታ መደብ ሥር ገባች። አያ ቢተው ጆሮውን ያዘ።

«አብደሻል እንዴ ሴትዮ?»

ዳለቻ መዳፏን እየላሰች ነበር። ደብሪቱ ደግማ መታች። ዳለቻ ያኛውን መዳፏን መላስ ጀመረች። ጆሮዋ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ደብሪቱም እንዲህ አለች፦

«አየህ አያ ቢተው? ትንሿ እየጮኸች ነው የምትመጣው። ‹ቤቶች!› እያለች፣ እንደ ወጉ። ይቺ ግን አትሰማም። ከኋላዋ በነካቻት ቁጥር ሌባ የገባባት ይመስላታል። አይጡንም ያልያዘችው መምጣቱን ስለማትሰማ ነው። የምታውቀውን ጉድጓድ ብቻ ትጠብቃለች።»

አያ ቢተው ግንባሩን ዳሰሰ። ጆንያውን አጣጠፈና መሬት ላይ አድርጎ ተቀመጠበት።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው» አለ። «እኛ ግን ቀናች፣ ከፋች ስንላት ከረምን።»

«እምዬ፣ ታዲያ አልቀናችም ማለት ነው?»

ሆዷ ውስጥ ገብቶ ያየ የለም። የታየው አለመስማቷ ነው። እኛም የታየውን እንያዝ።

ከዚያም ደብሪቱ ማረሻውን ወደ ቦታው መለሰችው። ቦታው ምሰሶው ላይ ያለ ኩላብ ነበር። ስታንጠለጥለው ማረሻው ከምሰሶው ጋር ጓ አለ። ዳለቻ ወዲያው ቀና አለችና ወደ ታች አየች። ደብሪቱና አያ ቢተው ተያዩ። ደብሪቱ ምሰሶውን በመዳፏ መታች። ዳለቻ እንደገና አየቻት። በጆሮዋ ያልሰማችውን፣ ሆዷን ባሳረፈችበት እንጨት በኩል ሰማችው።

አያ ቢተውም፦ «እንግዲህ የእሷ ‹ቤቶች!› ይሄ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብሪቱ እንግዳን ወደ ዳለቻ ስታመጣ መጀመሪያ ምሰሶውን ትመታለች። ዳለቻ ቀና ትላለች። እንግዳም በፊት ለፊት ትመጣለች። በመጀመሪያ ዳለቻ ጥርሷን አሳየች፤ ግን አልዘለለችም። ከዚያም ጥርሷን ማሳየት ተወች። ከዚያም እንግዳ ስትበላ ቁጭ ብላ አየቻት። ቆይቶም እንግዳ በራሷ ወደ ቆጡ ስትወጣ ምሰሶውን በጥፍሯ ትቧጥጠው ጀመር። ጥፍሯን ስትስል ይሁን ስትጣራ አይታወቅም። ዳለቻ ግን ያን ጊዜ ፈቀቅ ትልላት ነበር።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ዝናብ መጣ። ደብሪቱ ከእርሻ ሮጣ ገባች። ሁለቱም ቆጥ ላይ ነበሩ። እንግዳ ከዳለቻ የፊት እግሮች መሃል ተኝታለች። ዳለቻም ያኔ የቧጠጠችውን አፍንጫ ትልሰው ነበር። ደብሪቱ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች፤ ከነጠላዋ የሚንጠባጠበውን ውኃ እንኳ አልጨመቀችም። አያ ቢተውም ከኋላዋ መጥቶ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየ።

«ይኸው! ጨዉ ዘግይቶ ሠራ!»

«ዝም በል አንተ፤ ትቀሰቅሳቸዋለህ።»

«አሮጊቷ እንደሆነች አትሰማኝም።»

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ እንግዳ ተነሳች። ጆሮዎቿን አቆመችና ወደ ጣሪያው አዞረች። ዳለቻ ምንም አልሰማችም። ግን የእንግዳን ጆሮ አየች። ጆሮዎቿ ወደሚያመለክቱበት አቅጣጫም አየች። ከጎታው በላይ ያለው የጣሪያው ሳር ነበር። ዳለቻ ቀስ ብላ ተነሳችና በአግዳሚው እንጨት ላይ ሄዳ ከጎታው ክዳን በላይ አደባች። እንግዳም ተከትላት ከጎኗ አደባች። ደብሪቱ ከታች ሆና ትንፋሿን ያዘች።

ሳሩ ተንቀሳቀሰ። አንድ አይጥ ወደ ክዳኑ ወረደ፤ ሌላም ተከተለ። የመጀመሪያውን ዳለቻ ያዘችው። ሁለተኛው ሲያመልጥ እንግዳ አፍ ውስጥ ገባ።

ለካ አይጡ የሚገባው በጣሪያው ኖሯል። ሰዉም ድመቷም የታችኛውን ጉድጓድ ሲጠብቁ፣ እሱ በላይ በኩል ክዳኑን የያዘውን ጭቃ ቦርቡሮ ይገባ ነበር። በማግስቱ አያ ቢተው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሳሩን አጠበቀው። ደብሪቱም የጎታውን ክዳን በአዲስ ጭቃ መረገችው። ከዚያ በኋላ የተረፉትን አይጦች ሁለቱ ድመቶች እያደኑ ጨረሷቸው። እንግዳ ታዳምጣለች፤ ዳለቻ የእንግዳን ጆሮ ታያለች። ከጎታው ሥርም ገለባ ጠፋ።

ሰኔ ገባ። የሚያርሰው አረሰ፤ መሬቱ ለሰለሰ። የግራር አምባ ሰውም ቁናና ስልቻ ይዞ ከደብሪቱ ደጅ ተሰበሰበ። ደብሪቱ ከጎታው ፊት ተንበረከከች። በጎታው ውስጥ ምን ያህል እንደተረፈ እሷም አታውቅም፤ ክዳኑን ከመረገችው ወዲህ አልከፈተችውም። ከታች ያለውን አፉን ከፈተች። መጀመሪያ አቧራ ወጣ። ከዚያም ገለባ ወጣ። አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ደብሪቱ እጇን አስገባችና ገለባውን ሳበችው። ከኋላው ገብሱ መጣ። ጥቁር፣ ደረቅ፣ ጤነኛ ገብስ። እየተንሿሿ ቁናውን ሞላና ፈሰሰ።

እልል ተባለ። የነበረው ሁሉ አልነበረም፤ አይጥ የበላው ተበልቷል። የተረፈው ግን ለየቤቱ ደረሰ። ማንም ባዶ ስልቻ ይዞ አልተመለሰም። ሲወጡም አንድ በአንድ «እግዚአብሔር ይስጥልን» እያሉ ወጡ።

የአያ ቢተው እናትም መጥተው ነበር። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከቆጡ ሥር ቆሙና ቀና አሉ።

«እንደ እኔ የማትሰማዋ ይቺ ናት?» ብለው ጠየቁ።

ደብሪቱ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አሮጊቷም ምሰሶውን በከዘራቸው ቀስ አድርገው መቱት። ዳለቻ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ደህና ነሽ?» አሏት። መልስ አልጠበቁም። «ደህና ያሳድርሽ» አሉና ልጃቸውን ተደግፈው ሄዱ።

ገብሱ ተዘራ። በቀለ። መስከረም መጣ፤ በረዶ አልወረደም። ለምን እንዳልወረደ የሚያውቅ የለም፤ ተመስገን ተባለ። ደብሪቱም ከእርሻዋ እሸት ቆረጠችና ጠበሰችው። በቅርጫት አድርጋ፣ በጨርቅ ሸፍና፣ ወደ ደብሩ ወጣች።

እማሆይ ከቅጥሩ በር ሆነው ከሩቅ አዩዋት። እዚያ ዳገት ላይ የተሸፈነ ቅርጫት ይዞ የሚወጣ ሰው ጉዳዩ አንድ ብቻ ነበር፤ የወሰደውን ድመት መመለስ። እማሆይ ወደ ጎጆዋ ገቡ። ከጥጉ አዲስ ጭድ አነጠፉ። ወተት በሳህን አስቀመጡ። ከዚያም ወጥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«አይዞሽ ልጄ። ሞከርሽ፤ አልሆነም። አንቺን የሚወቅስሽ የለም። አምጫት።»

ደብሪቱ ቅርጫቱን አቀበለቻቸው። እማሆይም ግልገሏ እንዳትደነግጥ ከታች በመዳፋቸው ደግፈው፣ ቀስ አድርገው ተቀበሉት። መዳፋቸው ሞቀ። ጨርቁን ገለጥ አደረጉ። እንፋሎት ፊታቸውን መታው። የአዲስ ገብስ ሽታ ነበር።

እማሆይ ቅርጫቱን አዩ። ደብሪቱን አዩ። እንደገና ቅርጫቱን አዩ።

«ድመቷስ?»

«ቆጥ ላይ ናት እማሆይ። ከዳለቻ ጋር።»

«አይጣሉም?»

«ይጣላሉ እንጂ። እኔ ቀድሜ ልላስሽ እያሉ።»

እማሆይ አለቀሱ የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን ተረት ለእኔ ያወረሱኝ ሰዎች ስለ እንባ አልነገሩኝም። የነገሩኝ፣ እማሆይ ከቅጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ደብሪቱን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ እሸቱን አብረው እየፈተጉ እስኪያልቅ ድረስ መብላታቸውን ነው። ከዚያም እማሆይ ገለባውን ከቀሚሳቸው አራገፉና «ተመስገን» አሉ። ያነጠፉትን ጭድ ግን አላነሱትም፤ በማግስቱ ሌላ ግልገል ከቅጥሩ በር ተጥሎ ተገኘና እዚያው ተኛበት።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ። እኔ ድመቶቹን አጥግቤ መጣሁ፤ እናንተ ደግሞ እኔን አጥግቡ። ተረቴን በተረት መልሱ፤ አፌን በገብስ ቆሎ አብሱ።